በልብ የሚጠራ ስም

ሱቁን ጠዋት የምትከፍተው እሷ ናት። የብረት መዝጊያውን ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ ግማሽ ላይ ሲነክስ በትከሻዋ ደግፋ ታስለቅቀዋለች። ጫማዋን ትቀይራለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አቧራ ትጠርጋለች። እርጥብ ጨርቅ እዚያ ቤት አይገባም። "ውሃና ኤሌክትሪክ የተጣሉ ወንድማማቾች ናቸው፤ አንቺ ደግሞ ሽምግልና እንዳትገቢ" ይላት ነበር ባለቤቷ በሕይወት ሳለ።

ሱቁ የመብራት መጠገኛ ነው። ሰው የወደቀበትን፣ የሰለቸውን፣ ከእናቱ ቤት የወረሰውን አባጁር ይዞ ይመጣል፤ ገመዱ ይቀየራል፣ ማብሪያው ይፈተሻል፣ የተሰበረ አንገት ይበየዳል። ባለቤት የሌላቸው ደግሞ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ይገዙና ታድሰው መደርደሪያ ላይ ይወጣሉ፣ ገዢ ይጠብቃሉ። እሷ ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ቋንቋ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ካቻቢቴ ስትይዝ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን አይንቀጠቀጥም። የሰፈሩ ልጆች "እትዬ አምፖል" ይሏታል፤ ትልልቆቹም ከልጆቹ ወስደው እንደዚያው ይጠሯታል።

አቧራው ሲያልቅ ሰላምታው ይጀመራል። ከግራ ጥግ ተነስታ መብራቶቹን አንድ በአንድ ታበራለች፣ በስማቸው ትጠራለች፣ ታጠፋለች።

"ኑር።" ቀጭ። በራች። ቀጭ። ጠፋች።

"ክላራ። ሊዮራ። ጮራ። አኪራ።" አኪራ ላይ ቆም ብላ ስፒናውን ጫን አደረገችው፤ ይላላል።

ስሞቹን የሰበሰበው ባለቤቷ ነው። በወጣትነቱ ከየአገሩ የመጣ ሠራተኛ በሞላበት አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነበር። ልብስ አጣቢውንም፣ ዘበኛውንም፣ ኬክ ጋጋሪውንም አንድ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር፦ "በእናንተ አገር ለልጅ የሚወጣ፣ ብርሃን የሚል ስም ማን ነው?" ሰው ስለ ስም ሲጠየቅ ፊቱ ይፈታል። አንዱ ኪራን አለው፤ የፀሐይ ጨረር። አንዱ ሮሻን፤ ብሩህ። አንዷ ዞራ፤ ጎህ። የራሱን ሱቅ ሲከፍት የጠገነውን ሁሉ በእነዚያ ስሞች ጠራ። ከገዛ ቋንቋውም ወጋገንና ፀዳል ጨመረ። "ስምን መልአክ ያወጣዋል" ሲሉት "መልአኩ ሥራ ሲበዛበት እኔን ይልካል" ይል ነበር። አንድ ሕግ ግን ነበረው። አንድ ስም ለሁለት አይሰጥም። መብራቷ ስትሸጥ ስሟ አብሯት ይሄዳል፤ ሱቁ ውስጥ ዳግም አይጠራም።

"እትዬ አምፖል፣ ዛሬም ቆጠራ ነው?" አላት ቁልፍ ሠሪው ከጎረቤት ሱቅ አንገቱን አስግጎ።

"ሰላምታ ነው።"

"አንድ ቀን አንዷ 'ደህና አደርሽ' ብላ ትመልስልሻለች። ያን ቀን እኔን እንዳትጠሪኝ፤ ቁልፍ እንጂ ጋኔን አልከፍትም።"

"አንተማ ከእኔ ቀድመህ ነው የምትሮጠው።"

ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሕፃኗስ?" አለ።

"ያው ናት።"

"ያው ጥሩ ነው" አለና አንገቱን መለሰ።

ወደ መጨረሻው መብራት ዞረች። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ለብቻው ነው ያለው። ስሙን በአፏ አትጠራውም። ማብሪያው ላይ እጇን አሳርፋ፣ በልቧ ትጠራዋለች፣ ታበራዋለች፣ ትንሽ ታየዋለች፣ ታጠፋዋለች። ባለቤቷ ካረፈ ጀምሮ አንድም ጠዋት አላሳለፈችም።

ስልኩ የጮኸው እጇ ገና ማብሪያው ላይ እንዳለ ነው። አማቿ ነበር፤ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ በስልክ ሁልጊዜ ከሞተር ድምፅ በላይ እንደሚናገር ሰው ይጮሃል። ዛሬ ግን ድምፁ አልወጣ አለው።

"እማማ፣ ይምጡልኝ። አንድ ነገር አበላሽቻለሁ።"

"ሕፃኗ ምን ሆነች?"

"አለች፣ አለች። ቢጫው ግን አልወርድ ብሏል። ሌሊቱን ጨምሯል አለ ዶክተሩ። መብራቱ ብቻውን አልበቃም፣ ደሟ መቀየር አለበት፣ እዚህ ደግሞ አይሠራም። ወደ ትልቁ ሆስፒታል ይወስዷታል። ከቀትር በፊት።"

ቁጭ አለች። ወንበሩ ከኋላዋ መኖሩን እንኳ አላየችም።

"እና ምንድን ነው ያበላሸኸው?"

"ስም ጠየቁኝ። እዚያ 'የእገሊት ልጅ' እያሉ አይቀበሉም፤ ደሙ የሚመጣው በራሷ ስም ነው አለችኝ ነርሷ። ቶሎ ቶሎ አለችኝ። እኔም... አፌ ላይ የመጣውን አልኩ።"

"ምን አልክ?"

ከኋላው የልጇ ልቅሶ ይሰማል።

"ሮሻን" አለ።

ከዚህ ቤት ውጭ ላለ ሰው ሮሻን መልካም ስም ናት። ለእነሱ ግን ሮሻን ነጭ ጉልላት ያላት አባጁር ነበረች፤ ሟቹ ለልጁ ለሠርጓ የሰጣት፣ አልጋቸው ራስጌ ትቀመጥ የነበረች። ሹፌሩ አንድ ጎህ ሲቀድ የስልኩን ደወል አጠፋለሁ ብሎ በክንዱ ጠርጎ ጣላት። ጉልላቷ እንደ እንቁላል ቅርፊት ደቀቀ። ሟቹ ያኔ በሕይወት ስለነበር ስብርባሪውን አይቶ "እሷስ ተሰናበተች" ብሎ ነበር፣ እየሳቀ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም።

"መጣሁ" አለች እናቲቱ።

መዝጊያውን ስታወርድ ግማሽ ላይ ነከሰ። ቁልፍ ሠሪው ሮጦ መጥቶ ጎትቶ ዘጋላት። 

ታክሲ ውስጥ ከመስኮቱ ጥግ ተቀመጠች። የጎዳናውን ሱቆች ማንበብ ጀመረች፣ ልቧ እንዳያስብ፤ መድኃኒት ቤት፣ የጎማ ጥገና፣ ፀጉር ቤት። አልሆነም። ወደዚያው ተመለሰች።

ያን መብራት ባለቤቷ የሠራው መጨረሻ ላይ ነው። እግሩን ከአንዱ፣ አንገቱን ከሌላው፣ ጉልላቱን ከሦስተኛው ወስዶ፣ እየደከመው፣ ቁጭ ብድግ እያለ ገጣጠመው። ሲጨርስ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀለውና አበራው። ሱቁ ውስጥ ከሁለታቸው ሌላ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ ነበር ስሙን የነገራት።

"ምን ማለት ነው?" አለችው።

"ለዘገየ ሰው የሚተው መብራት ማለት ነው። ቤተሰቡ ተኝቶ፣ አንዷ በር ላይ ሳትጠፋ የምታድር አለች አይደል? እሷ።"

"ለማን ይሸጣል?"

"አይሸጥም። የልጅ ልጃችን ነው።"

"የቷ የልጅ ልጅ? ልጅህ ገና ስለ ልጅ ስታነሳባት ትቆጣለች።"

"ለዚህ ነዋ፣ የዘገየ የምልሽ።"

ለልጁም "ስሙ እናትሽ ጋ ነው፤ ስትወልጂ ትሰጥሻለች" አላት። ብዙም ሳይቆይ አረፈ።

ልጅቷ ባረገዘች ጊዜ ጠየቀች። "ስትመጣ" አለቻት። ቀኗ ሳይደርስ፣ ቸኩላ መጣች ሕፃኗ፤ ለዘገየ የተተወው መብራት ለተጣደፈች ደረሰ። ከዚያ ወዲያው ቢጫ ሆነች። የእናትና የልጅ ደም አልተስማማም አሉ። ሰማያዊ መብራት ሥር አስተኟት። ልጅቷ ደግማ ጠየቀች። "ትዳንና" አለቻት እናቷ። መልሱ ከየት እንደመጣ እሷም አላወቀችም። አፏ ብቻ ነበር ያለው።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሹፌሩ ቆሞ ይጠብቃታል። የሥራ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ነው፤ ኮቱ የለም። ኮቱ ውስጥ ልጇ ተጠቅልላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል።

"እማዬ፣ ንገሪው" አለች ገና ሳትስማት። "ልጄን በሰበረው ዕቃ ስም ጠራት።"

"የኔ ልጅ፣ ደንግጦ ነው።"

"እኔስ አልደነገጥኩም? እኔ ስደነግጥ ልጄን 'ሳህን' ብያታለሁ?"

"ሳህን እንኳ ብዙ ሰብረናል" አለ ሹፌሩ ወለሉን እያየ።

"ዝም በል አንተ!"

የሕፃናት ክፍሉ በር ተከፈተና ነርሷ ወጣች። ወፍራም፣ ፈጣን፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት ናት።

"የመብራት ቤቶቹ" አለች። "ደሙን ላዝ ነው። አንዴ ከታዘዘ በኋላ ስም ብትቀይሩ እዚያ ይጣላሉ፤ ስሙ ካልገጠመ ደም አይሰጥም። ሮሻን ካላችሁ ሮሻን ነው። ሌላ ካላችሁ አሁን ንገሩኝ። አምቡላንሱ መንገድ ላይ ነው።"

"ትንሽ ታገሺን" አለች ልጅቷ።

"እኔ እታገሣለሁ። ቢጫው ነው የማይታገሠው" አለችና ተመልሳ ገባች።

እናቲቱ ከልጇ አጠገብ ተቀመጠች። እጇን ያዘችው። ቀዝቅዟል።

"ኪራን ብንላትስ?"

"ኪራን የጥርስ ሐኪሙ ሳሎን ውስጥ ናት። ባለፈው ሄጄ አየኋት፣ ላይዋ ላይ ኮፍያ ሰቅለውባታል።"

"ወጋገን?"

"ልብስ ሰፊው ጋ ናት። ቀኑን ሙሉ መርፌ ስታበራ ነው የምትውለው።"

"ዞራ አልተሸጠችም፤ መጋዘን አለች። ከመጋዘን እናወጣታለን፣ ስሟን እንወስዳለን።"

"ዞራ ጥሩ ነው" አለ ሹፌሩ። "እኔም ስዞር ነው የምውለው።"

ልጅቷ አላየችውም። እናቷን ነው የምታየው።

"እማዬ፣ ምንድን ነው የምታደርጊው? ለገዢ ነው እንዴ የምታሳዪው? የአባዬን ስጪኝ።"

"እሰጥሻለሁ። ይቺን ትለፍና..."

"ባታልፍስ?"

ሹፌሩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

"ባታልፍስ እማዬ? ስሙን ይዘሽ ትቀመጫለሽ? ለማን ልታደርጊው?"

ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች፤ አሁን ቁጣው ወጥቶላት ድካሙ ብቻ ቀርቷል።

"እጄን በዚያ ቀዳዳ አስገብቼ ጣቷን እይዛታለሁ። ነርሷ አናግሪያት ትለኛለች፣ ድምፅሽን ታውቀዋለች ትለኛለች። ምን ብዬ ልጥራት? 'አንቺ' እላታለሁ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያሉት ሁሉ 'አንቺ' ናቸው። አሁን ደግሞ እኔ በሌለሁበት ሊወስዷት ነው። እኔ ደም እየፈሰሰኝ ስለሆነ አትሄጂም ብለውኛል። የሚከተላት ስሟ ብቻ ነው። እሱም የተሰበረ ነው።"

እናቲቱ ተነሳች። "መጣሁ" አለች።

ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ካለው መስኮት ሥር ቆመች። ከታች ግቢው ይታያል፤ አንድ ሰው የመኪና ጎማ በእግሩ እየመታ ነፋሱን ይፈትሻል። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እሷ የፈራችውን ለራሷ እንኳ በግልጽ ብላው አታውቅም ነበር። ሕፃኗ ብትሞት ስሙ አብሯት ይቀበራል። ይህ አንዱ ነው። ይህን ለሰው ቢናገሩት ሰው ይረዳል።

ሌላው ግን አይነገርም። ስሙ ባለቤቷ በድብቅ ለእሷ ብቻ ያላት የመጨረሻ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ያላት ሁሉ፣ ውሃ ስጪኝ፣ ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ፣ ዶክተሩ የሚሰማው፣ ጎረቤት የሚሰማው ነበር። ስሙ ግን በጆሮዋ የገባ ነው። በየጠዋቱ በልቧ ስትጠራው ትንፋሹ ጆሮዋ ላይ ይሞቃት ነበር፤ የሆነ ሰው ቢሰማ እሱ ያፍራል ብላ ነው ዝም የምትል። አሁን ብታወጣው የሁሉም ይሆናል። ነርስ ትጮህበታለች። ጸሐፊ ያሳስተዋል። አስተማሪ "ቀሪ" ይለዋል። ልጆች ያላግጡበታል። እናት "ነይ ልብስሽን አንሺ" ትልበታለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ተመልሶ አይገባም።

ታች ያለው ሰውዬ ጎማውን መምታት ትቶ በሩን ከፈተ። መኪናው አምቡላንስ መሆኑን ያን ጊዜ አየች።

ከኋላዋ የነርሷ ነጠላ ጫማ ተሰማ።

"እማማ፣ ደርሷል። ስሙ ይቀየር ወይስ ይቅር? እውነቱን ልንገርዎት፣ ለእኔ ሁለቱም አንድ ነው። ለሴት ልጅዎ ግን አንድ አይመስለኝም።"

"ላያት እችላለሁ?"

"እጅዎን ይታጠቡ።"

እስከ ክርኗ ታጠበች። ጋውን አለበሷት፣ ከኋላ አሰሩላት። ክፍሉ ሞቃት ነው፣ ዝቅተኛ የማሽን ድምፅ አለው። የመስታወት ሣጥኖቹ በተራ ተደርድረዋል። የእነሱ ሣጥን መስኮቱ ጋ ነው፤ ከላዩ ያ ሰማያዊ መብራት በርቷል። እንዲህ ያለ መብራት ሱቋ ገብቶ አያውቅም። ባለቤቷ ቢኖር ጀርባውን ካልከፈትኩ ይል ነበር።

ሕፃኗ ሰማያዊው ውስጥ ራቁቷን ተኝታለች፤ ዓይኗ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ዳይፐሩ ከእሷ ይተልቃል። ደረቷ ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ይወርዳል። ቢጫነቷ በዚያ ብርሃን አይታይም፤ እናቲቱ ግን ነርሷ ለማሳየት መብራቱን አንድ አፍታ ስታጠፋው አየችው። የቆየ ጋዜጣ መስላለች። ነርሷ መልሳ አበራችው። ቀጭ።

ያ ድምፅ ነው። ሌላ ምንም አይደለም። እጇ በቀዳዳው ገብቶ የሕፃኗን መዳፍ አገኘ፤ አፏ ደግሞ በየጠዋቱ የለመደውን አደረገ። ብቻ ዛሬ በልብ አልነበረም። ስሙ በድምፅ ወጣ። ሻካራ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ ኪስ ውስጥ እንደቆየ ነገር።

ምንም አልሆነም። ሕፃኗ አልተነቃነቀችም። ሰማያዊው መብራት እንደበራ፣ ማሽኑ እንደሚያጉረመርም ቀጠለ።

"ይሄ ነው?" አለች ነርሷ።

"ለእናቷ ልንገር መጀመሪያ።"

ወጥታ ወደ ልጇ ጎንበስ አለች፣ እሱ እንዳደረገው ወደ ጆሮዋ ተጠጋች። ነገረቻት። ትርጉሙንም ነገረቻት።

ስሙ ማን እንደሆነ እዚህ አይጻፍም፤ ባለቤት አለው፣ ፈልጎ የጠየቀ ከባለቤቱ አፍ ይሰማል።

ልጅቷ ደገመችው። በእሷ አፍ ስሙ ሌላ ሆነ፤ ፈጠን ያለ፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚል። እናቲቱ ልታርማት አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

"እስቲ ልሞክረው" አለ ሹፌሩ። ሞከረ። አበላሸው።

"እንደዚያ አይደለም!" አለች ልጅቷ።

ደግሞ ሞከረ። ያንኑ አበላሸ። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየችውና ሳቅም ልቅሶም የሆነ ነገር አመለጣት። "አባዬ ቢሰማህ ሱቁ ውስጥ አያስገባህም ነበር" አለችው። "ድሮም በኋላ በር ነው የገባሁት" አላት። ኮቱ ውስጥ እንዳለች አቀፋት።

ነርሷ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች። "እንዴት ነው የሚጻፈው?"

ሦስቱም ተያዩ። ተጽፎ ያየው የለም። ሟቹ ለሌሎቹ መብራቶች ሁሉ ስማቸውን በቆርቆሮ ላይ ቀርጾ በገመዳቸው ላይ ያስር ነበር፤ የዚህኛው ቆርቆሮ ግን ባዶ ነው። "ስትመጣ ነው የምቀርጸው" ብሎ ነበር።

"እንደሰማሽው ጻፊው" አለች እናቲቱ።

ነርሷ ጻፈችው። ሮሻን ተብሎ የተጻፈበትን የድሮውን የእግር ማሰሪያ በመቀስ ቆርጣ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣለችው፣ አዲሱን ከጣት በማይወፍር ቁርጭምጭሚት ላይ አሰረችው። ሮሻን ሁለተኛ ተሰናበተች።

ከዚያ ሁሉም ፈጠነ። ሣጥኑን በተሽከርካሪ አወጡት። ሹፌሩ አብሮ ሮጠ፤ ኮሪደሩ ውስጥ ሲሮጥ ለአምቡላንሱ ሹፌር "በታችኛው መንገድ ውጣ፣ ላይኛው ይዘጋል፣ እኔ አውቃለሁ፣ የእኔ መስመር ነው!" እያለ ይጮህ ነበር፤ የሞተር ድምፁ ተመልሶለታል። በሩ ተዘጋ።

እናትና ልጅ አግዳሚው ላይ ቀሩ። መጠበቅ መጣ። መጠበቅ ሥራ ያለው ሰው ሥራ አይደለም፤ እጅ የሚይዘው የለውም። እናቲቱ ከቦርሳዋ ውስጥ ሳታውቀው ይዛው የመጣችውን የመብራት ማብሪያ አገኘች፤ ትናንት ከአንድ አባጁር ላይ የፈታችው ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ታደርገዋለች። ልጅቷ በአፏ ስሙን ታጠናዋለች፤ በቀስታ፣ እንደማይታመን ነገር። በየጊዜው እናቲቱ ትሰማዋለች። በየጊዜው ጆሮዋ ውስጥ የነበረው ትንሽ ይቀንሳል። የልጇ ድምፅ በዚያ ቦታ ይገባል።

ቀትር አለፈ። ስልኩ ጮኸ፤ ልጅቷ አላነሳሁም አለች፣ እናቲቱ አነሳችው።

"ደሙ መጥቷል" አለ ሹፌሩ። "ስሟ ላዩ ላይ ተጽፏል። በአንድ ፊደል ተሳስተው ነበር፣ ተጣላሁ፣ አስተካከሉት። አሁን ጀምረዋል። ውጭ ቆመህ ጠብቅ አሉኝ።"

"እንዴት ናት?"

"አለች እማማ። እየጠራኋት ነው፤ በመስታወቱ በኩል። ሰዎቹ አብዷል ብለዋል።"

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ቀላል አልነበሩም። ቢጫው ወረደ፣ መልሶ ተሰቀለ፣ ደግሞ ወረደ። አንድ ምሽት ትኩሳት መጣ፤ ልጅቷ ከአልጋዋ ተነስታ እዚያ ካልሄድኩ አለች፣ ሄደችም፣ አልተመለሰችም። እናቲቱ ሱቅና ሆስፒታል መካከል ተመላለሰች። ጠዋት ጠዋት ሱቁን ትከፍታለች፣ ግን ሰላምታውን ታልፈዋለች፤ መብራቶቹን ሳታበራ ቁጭ ብላ ስልኩን ታየዋለች። ቁልፍ ሠሪው "ዛሬ ቆጠራ የለም?" አላላትም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መዝጊያው ሲነክስባት ዘይት ይዞ መጥቶ ቀባው፣ "ይሄ ነገር ጉልበትሽን ይፈጃል" ብሎ።

አንድ ጠዋት ስልኩ የጮኸው ጫማዋን ስትቀይር ነው።

"ወጥተናል እማዬ" አለች ልጇ። "ደህና ናት አሉን። ወደ ቤት ልንሄድ ነው። ቆይ፣ ቆይ ላሰማሽ።" ከስልኩ ሕፃን ልቅሶ መጣ፤ ቀጭን፣ የተናደደ። ከኋላ የሹፌሩ ድምፅ ስሟን እየጠራ፣ አሁንም እያበላሸ። ልጅቷ ከእሱ ጋር ተከራከረች፣ ስሟን ጠራች፣ ስልኩን ረስታው ስሟን ደግማ ጠራች። እናቲቱ ሰማች። "እሰይ" አለች፣ "እሰይ የኔ ልጅ።" ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ለረጅም ጊዜ በአንድ እግር ጫማ ተቀመጠች።

ከዚያ ተነሳች። መስኮቱን ከፈተች። በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ጠረገች፤ ብዙ ነበር። ወደ ግራ ጥግ ሄደች።

"ኑር።" ቀጭ። "ክላራ። ሊዮራ። ጮራ።"

"ኧረ ተመለሰች!" አለ ቁልፍ ሠሪው ከጎረቤት። "ማንም አልመለሰልሽም?"

"አንተ ብቻ" አለችው።

አኪራ አሁንም ይላላል። ሉሲያን፣ ፀዳልን፣ ከመጋዘን የወጣችውን ዞራን አበራች፣ አጠፋች። ላይኛው መደርደሪያ ጋ ደረሰች። እጇን ማብሪያው ላይ አሳረፈች፤ እንደ ልማዷ በልቧ ልትጠራ ጠበቀች። የመጣላት ዓይኗ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ፣ በሰማያዊ ብርሃን ውስጥ የምትተነፍስ ሕፃን ናት። የልጇ ድምፅ ነው፣ መጨረሻው ላይ ከፍ የሚል። ሌላ አልመጣም። ትንሽ ጠበቀች።

አበራችው። ይሠራል። አጠፋችው።

ላይኛው መደርደሪያ ላይ ያለው መብራት አሁን ስም የለውም።